ሳህን ሙሉ ውሃ አጠገቧ

(ይህ ጽሑፍ ጎንደር ውስጥ ለወላጆችና ለተማሪዎች ያደረግሁት ንግግር ነው። ወደ ጽሑፍ ስመልሰው ጥቂት ቦታ አሳጥሬዋለሁ። ከአዳራሹ የተነሱ ጥያቄዎችንም በየቦታቸው አስገብቻለሁ።)

እንደምን ዋላችሁ። የቅዳሜ ገበያችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ። ልጆቻችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ ደግሞ ይበልጥ ደስ አሰኝታችሁኛል፤ ነገሩ ቶሎ የሚገባቸው እነሱ ናቸውና።

የማወራው ስለ እስስት ውሃ አጠጣጥ ነው። እስስት ቀለሟን እንደምትለዋውጥ ሁሉም ያውቃል። አቋም የሌለውን ሰው ስናማም «እንደ እስስት» እንለዋለን። ምን ጠጥታ እንደምታድር ግን የሚጠይቅ የለም። እኔም አልጠየቅሁም ነበር።

የእህቴ ልጅ የ13 ዓመት ልጅ ሳለ አንዲት እስስት ይዞ ቤት መጣ። ወሩ ጥር ነው። የጥምቀት እንግዳ ገና አልተሸኘም። አዘዞ አካባቢ አጥር ሲመነጠር ከተቆረጠው ቅርንጫፍ ጋር ወድቃ አግኝቷት በጫማ ካርቶን አመጣት። እናቱ መጀመሪያ ጮኸች፤ ከዚያ ለመናት፣ ተስማማች። በዶሮ ሽቦ ቤት ሠራላት። ደረቅ እንጨት አቆመላት። ከታች በቆርቆሮ ሳህን ውሃ አኖረላት።

ሰፈራችን ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። ልጁ ግን ከጀሪካኑ ለእሷ ሳይቀዳ አንድ ቀን አላደረም። በየጠዋቱ የትናንቱን ይደፋል፣ ሳህኑን በጣቱ ያሻል፣ በንጹህ ይሞላል። ከዚያ ትምህርት ቤት ይሄዳል። በአሥረኛው ቀን ጠዋት ሳህኑ አጠገብ ወድቃ አገኛት። ዓይኖቿ ወደ ውስጥ ሰርጉደዋል። የጎኗ ቆዳ ተሸብሽቧል። ሳህኑ እስከ አፉ ሙሉ ነው።

እኔ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ። በዚያው ሳምንት ቤታቸው ገብቼ ነበር። «ውሃ አላት?» ብዬ ጠየቅሁት። «አላት» አለኝ። ሳህኑን አየሁ፣ ሙሉ ነው፣ ወጣሁ። የፋሲል መዋኛ ሞልቶ ከተማው ሁሉ በውሃ በሚረጫጭበት ሰሞን ያቺ እንስሳ በጥም ሞተች። ያን ጊዜ የሚያስፈልጋት አንድ ሰው ቆሞ እንዲረጭላት ብቻ ነበር። ይሄ ከልቤ አልወጣም። ዛሬ እዚህ የቆምሁትም በዚሁ ምክንያት ነው።

እስኪ ከእሷ ዓይን እንየው። እስስት ኑሮዋ ቅርንጫፍ ላይ ነው። ቅርንጫፍ ላይ ኩሬ የለም። ያለው ጤዛ ነው፣ ካፊያ ነው፣ ዝናቡ ካባራ በኋላ ከቅጠል ጫፍ የሚንጠለጠል ጠብታ ነው። ዓይኗ የሚያውቀው እሱን ነው፤ የሚያብለጨልጭና የሚንቀሳቀስ ውሃ። ሳህን ውስጥ ዝም ብሎ የተኛ ውሃ ለእሷ ውሃ አይደለም። ከላይ ሆና ስታየው መሬት ነው። አንዳንዷ ከሳህን መጠጣት ትለምድ ይሆናል። በዚያ ተማምኖ ግን እስስት አይያዝም።

እዚህ ላይ ከፊት የተቀመጡ አንዲት እናት እጃቸውን አነሱ። «ልጄ፣ ለመሆኑ መርዝ የለባትም ወይ? እኛ ስናድግ በእሷ ስንፈራራ ነው ያደግነው» አሉ።

የለባትም እማማ። ጥርስ አላት፣ ከተጨነቀችም ትነክሳለች። መርዝ ግን የላትም። አፏን ከፍታ፣ ጎሮሮዋን ነፍታ፣ ጠቁራ የምታስፈራራን እኛን ፈርታ ነው። ቀለሟን የምትለውጠውም በአብዛኛው ለመደበቅ አይደለም። ሲበርዳት ፀሐይ ለመሳብ ትጠቁራለች፤ ስትቆጣ፣ ጥንድ ስትፈልግ፣ ስትደነግጥ ሌላ ትሆናለች። ይህን ያነሳሁት ለአንድ ነገር ነው፤ ቀለሟን አይታችሁ ጠጥታለች ወይም ተጠምታለች ማለት አትችሉም። ጥማቷን የሚናገር ሌላ ምልክት አለ፤ እደርስበታለሁ።

ከዚያ በፊት ስለ ሕጉ በአጭሩ። እስስት የዱር እንስሳ ናት። በአገራችን የዱር እንስሳት ሕግ መሠረት የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ ይዞ ማቆየት አይቻልም። አብዛኞቹ የእስስት ዝርያዎች ድንበር ተሻግረው ሲሸጡም ሳይተስ በሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ናቸው። ስለዚህ ልጆች፣ ከአጥር ላይ አውርዳችሁ ቤት አታስገቧት። አጥሩ ላይ ሆና እዩዋት።

ታዲያ ለምን ስለ ውሃዋ ታስተምረናለህ ትሉኝ ይሆናል። አንደኛ፣ ቆስላ ወይም ዛፏ ተቆርጦባት ሰው እጅ የምትገባ አለች። ለጥቂት ቀንም ቢሆን ውሃ ትፈልጋለች። ሁለተኛ፣ ውጭ አገር ያሉ ዘመዶቻችን በፈቃድ ያሳድጓታል። በዓለም ላይ ከ200 በላይ የእስስት ዝርያ አለ። ግማሽ ሊሞላ ትንሽ የሚቀረው ማዳጋስካር ነው ያለው። እኛም አገር በባሌ ሐረና ጫካ ብቻ የሚታወቅ ዝርያ አለን። ውጭ በየቤቱ የምትገኘው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከቀይ ባሕር ማዶ፣ ከየመንና ከሳዑዲ ደቡብ ምዕራብ ተራሮች የመጣችው፣ ራሷ ላይ ቆብ የመሰለ አጥንት ያላት ናት። የማዳጋስካሯም፣ የኬንያዋ ባለ ሦስት ቀንድም አሉ። የእህቶቻችንና የወንድሞቻችን ልጆች ስልክ እየደወሉ «አጎቴ፣ ዓይኗን ጨፍና ትውላለች፣ ምን ላድርግ?» ይሉኛል። አሥር ጊዜ ከተደወለልኝ አብዛኛው ጉዳይ ውሃ ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛዋ ልምጣ።

የመጀመሪያዋ ከሞተች በኋላ ባለው ዓመት፣ በሚያዝያ፣ የኋላ እግሯ የተጎዳ እስስት መንገድ ዳር ተገኘች። ለሚመለከታቸው ነግረን፣ እግሯ እስኪሽር እንድናቆያት ተፈቀደልን። ሚያዝያ ጎንደር ላይ ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ቀሎ፣ አቧራው ተነስቶ፣ ክረምቱ ገና ሩቅ ነው። እንስሳዋ ስትመጣ ዓይኗ መስረጉድ ጀምሯል።

አንድ ፊከስ በባልዲ ተተክሎ የሚሸጠውን ገዛሁ። የዋርካና የሾላ ዘመድ ናት፤ ቅጠሏ ለስላሳ ስለሆነ ጠብታ ይይዛል። የተባይ መድኃኒት ተረጭቶባት እንደሆነ ብዬ ቅጠሏን አንድ በአንድ አጠብሁ። ከዚያ የሃይላንድ ጠርሙስ ወስጄ ታችኛውን ጎን በመርፌ ጫፍ በሳሁት። ውሃ ሞልቼ በሲባጎ ከላይ አንጠለጠልሁት። ክዳኑን ትንሽ ላላ ስታደርጉት ይንጠባጠባል፣ ስታጠብቁት ያቆማል። ጠብታው የመጀመሪያው ቅጠል ላይ ያርፋል፣ ጫፉ ላይ ይሰበሰባል፣ ወደ ሁለተኛው ይወርዳል፣ ከዚያ ወደ ሦስተኛው። ከታች ሳፋ አለ።

እስስቷን ቅርንጫፉ ላይ አወጣናትና ራቅ ብለን ቁጭ አልን። እኔና ያ ልጅ።

አምስት ደቂቃ ምንም የለም። አንዱ ዓይኗ እኛ ላይ ነው። ሌላው ዓይኗ ጠብታውን ይከተላል፤ ይወርዳል፣ ይመለሳል፣ ደግሞ ይወርዳል። አሥር ደቂቃ ሆነ። ልጁ «አትፈልግም» አለኝ። ዝም በል አልሁት። ሰዓቴን አየሁ፤ 12ኛው ደቂቃ ላይ የፊት እግሯን አነሳች። እንደምታውቁት ስትራመድ ነፋስ እንደነካው ቅጠል ወዝወዝ እያለች ነው። ደረሰች። አገጯን ከቅጠሉ ጫፍ ሥር አስገባች። አንድ ጠብታ ከንፈሯ ላይ አረፈና እዚያው ቀረ። አፏን በስሱ ከፈተች፣ ገባ። አንገቷን ቀና አደረገች። የጎሮሮዋ ቆዳ ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ አለ። እንደገና አገጯን ሥሩ አስገባች። ዓይኗን በግማሽ ከድና ከግማሽ ሰዓት በላይ ጠጣች። እኛ አንነጋገርም፤ የሚሰማው ሳፋው ውስጥ የሚወድቀው ጠብታ ብቻ ነው።

ከዚያ ልጁ ወደ እኔ ዞሮ «ያቺኛዋም እንዲህ ትጠጣ ነበር?» አለኝ። «አዎ» አልሁት።

ከዚህ የተማርሁት ትልቁ ነገር ጊዜ ነው። ብዙ ሰው መርጫ ይገዛል፤ ፀጉር አስተካካዮች ያላቸውን ዓይነት። ጥሩ ነው። ግን ሁለት ጊዜ ፍስስ፣ ፍስስ ያደርግና «አጠጣሁ» ብሎ ይሄዳል። እስስት የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች የምታውለው ለዓይኗ ነው። የውሃ ጠብታ ሲነካት ዓይኗን እያሽከረከረች ታጥባለች፣ አቧራውን ታስወጣለች። መጠጣት ትዝ የሚላት ከዚያ በኋላ ነው። እናንተ ግን ሄዳችኋል። ፊቷን አጥባችሁ ሳትጠጣ ተዋችኋት ማለት ነው።

ስለዚህ ርጩላት፣ ግን ቆሙ። ጠዋት ፀሐይ ሳይበረታ አንዴ፣ ማታ ልትተኛ ስትል አንዴ፤ ሦስት አራት ደቂቃ፣ ቅጠሎቹ ሁሉ ጠብታ እስኪይዙ። ካፊያ ይሁን እንጂ ዶፍ አይሁን። ፊቷ ላይ በቀጥታ አትልቀቁባት፤ ከላይ ጣል ጣል ይበልባት። ጠዋት የጎንደር ውሃ አጥንት ይሰብራል፤ ትንሽ ሙቅ ቀላቅሉበትና በእጃችሁ ሲነካ የማይበርድም የማይሞቅም ይሁን። ከርጭቱ በኋላ የሚንጠባጠበውን ክፈቱትና ለግማሽ ሰዓት ተዉት። ለአፋር እስስት ይሄኛው ይበልጣል። ሰው አጠገቧ ስለሌለ ትረጋጋለች።

የሃይላንዱ ቀዳዳ ካስቸገራችሁ ሌላ መላ አለ። ጉሉኮስ የሚሰጥበት ቱቦ ፋርማሲ ይሸጣል። አዲስ፣ ያልተከፈተ ግዙ። መርፌውን አውጥታችሁ አስወግዱት። ቱቦው ላይ ያለችውን ማጥበቂያ በአውራ ጣታችሁ እያሽከረከራችሁ በሁለት ሰከንድ አንድ ጠብታ እንዲሆን አድርጉ። ነርሶች ያሳዩአችኋል።

አንድ ስሌት ላሳያችሁ፤ ውሃ በፈረቃ ነው ለምትሉኝ። በዚህ ቱቦ ብዙውን ጊዜ 20 ጠብታ አንድ ሚሊ ሊትር ነው። በሁለት ሰከንድ አንዱ ከወረደ በደቂቃ 30 ጠብታ፣ በግማሽ ሰዓት 900 ጠብታ ይሆናል። ይሄ 45 ሚሊ ሊትር ነው። አንድ የቡና ሲኒ አይሞላም። የእህቴ ልጅ በየቀኑ የሚደፋው ሳህን የዚህን ብዙ እጥፍ ይይዝ ነበር። የጎደለው ውሃ አልነበረም።

አንድ ተማሪ «ውሃውን በቆዳዋ አትመጥጠውም ወይ?» ብሎ ጠየቀ። ጥሩ ጥያቄ ነው። እንቁራሪት ውሃ በቆዳዋ ትመጥጣለች። እስስት ግን ቆዳዋ ደረቅና ቅርፊት ያለው ነው፤ ውሃ እንዳይወጣ የተሠራ ስለሆነ አያስገባም። ስለዚህ ውሃ ውስጥ መንከር አይጠቅማትም፤ ያስደነግጣታል እንጂ።

ሌላው በመርፌ ሲሪንጅ አፏ ውስጥ መጭመቅ ነው። አባቶች ይህን ሲያደርጉ አይቻለሁ፤ ለጥጃ እንደምናደርገው። እባካችሁ ተዉት። የአየር ቧንቧዋ አፏ ውስጥ ከፊት ነው የሚከፈተው። የጨመቃችሁት ውሃ ወደ ሳንባ ይገባና ሌላ በሽታ ይሆናል። በጣም የደረቀችና መጠጣት ያቃታት እንስሳ ሐኪም ዘንድ ሄዳ ፈሳሽ በቆዳ ሥር ይሰጣታል። በቤት የሚሞከር አይደለም።

አሁን ወደ ምልክቱ። ዶሮ ያረባችሁ እጃችሁን አንሱ። ብዙ ናችሁ። የዶሮ ኩስ ላይ ነጭ ነገር አለ አይደል? ያ ነጩ ሽንቷ ነው። እኛና ላሞች ቆሻሻውን በብዙ ውሃ አጥበን በሽንት እናስወጣዋለን። ወፎችና እንሽላሊቶች ግን ዩሪክ አሲድ አድርገው ለጥ ያለ ነጭ ሊጥ ያደርጉታል። ውሃ የሚቆጥቡበት መንገድ ነው። እስስትም እንደዚሁ ናት።

እንግዲህ በየቀኑ የቤቷን ወለል እዩ። ጥቁር ቡናማው ኩሷ ነው፤ አጠገቡ ያለውን ነጩን ተመልከቱ። እንደ ወተት ነጭና ለስላሳ ከሆነ ጠጥታለች። ጫፉ ላይ ትንሽ ቢጫ ቢኖር አትደንግጡ። አብዛኛው ቢጫ ከሆነ ውሃ ጨምሩላት። ብርቱካን መልክ ይዞ፣ ደርቆ፣ በእንጨት ስትነኩት እንደ ጠመኔ የሚፈረፈር ከሆነ ቆይታለች፤ ተጠምታ ከርማለች። ያች የሞተችው ቤት ወለል ላይ እንዲህ ያለ ብርቱካንማ ፍርፋሪ ነበር። የሳህኑን ውሃ ሳይ በእግሬ ረግጨዋለሁ፤ ምን እንደሆነ አላስተዋልሁም።

ይሄ እንዲሁ በአንድ ቀን የሚገድል አይደለም። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንደሚባለው የውሃ እጦትም እያሳሳቀ ነው የሚወስደው። ትበላለች፣ ትሄዳለች፣ ቀለሟም ደህና ነው። ውስጡን ግን ያ ዩሪክ አሲድ የሚያጥበው ውሃ አጥቶ ኩላሊቷ ላይ ይከማቻል። ከበዛ መገጣጠሚያዋ ውስጥ ይገባና ያብጣል። በሰው ሪህ የምንለው እሱ ነው። ኩላሊት በዚህ መንገድ ከደከመ መልሶ ማደስ አይቻልም።

ዓይንም ይናገራል። እስስት ዓይኗ ጎላ ብሎ እንደ ሾጣጣ ቆብ ወጥቶ የሚታይ ነው። ስትፈራ ለአፍታ ወደ ውስጥ ልትስበው ትችላለች፤ ያ ሌላ ነው። ቀኑን ሙሉ ሰርጉዶ የሚቆይ ከሆነ ውሃ አጥታለች። ቀን ዓይኗን ጨፍና የምትውል ከሆነ ደግሞ ታማለች፤ ሐኪም ፈልጉ። እኛ ላምና በግ ላይ ቆዳ ቆንጥጠን እናያለን፤ እሷ ላይ አታድርጉት። መነካት አትወድም፤ የምትፈልጉትን ሁሉ ሳትነኳት ማየት ትችላላችሁ።

ምላሷም እንዲሁ። እስስት ነፍሳቱን የምትይዘው ምላሷ ጫፍ ላይ ባለው የሚያጣብቅ ፈሳሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ጥናት ያ ፈሳሽ ከሰው ምራቅ 400 ጊዜ ያህል የወፈረ መሆኑን አሳይቷል። ልጆች፣ አስቡት፤ ከማር ጋር ልታወዳድሩት ትችላላችሁ። ስትደርቅ ግን አፏ ውስጥ ያለው ምራቅ እንደ ክር ይሳባል፣ ምላሷን መወርወር ትታክታለች፣ ፌንጣው ፊቷ ቆሞ ዝም ትለዋለች። ሰው «ምግብ ዘጋች» ይላል። ውሃ ስጧት፤ ብዙ ጊዜ ምግቡ ተከትሎ ይመጣል።

ምግቧ ራሱም ውሃ አለው። የፌንጣ ሰውነት ከግማሽ በላይ ውሃ ነው። ግን ፌንጣውን በካርቶን ውስጥ ሦስት ቀን አስርባችሁ ብትሰጧት ገለባ ነው የምትበላው። አንድ ቀን ቀደም ብላችሁ ጎመን፣ ካሮት፣ ዱባ ስጡት። የተባይ መድኃኒት ከተረጨበት ማሳ የተያዘ ፌንጣ ግን አታብሏት። የየመኗ ዓይነት ቅጠልም ትበላለች።

ሴት ሆና እንቁላል የቋጠረች ከሆነ ከወትሮው በላይ ትጠጣለች። ያን ጊዜ ማጠጣቱን ቀኑን ሦስት ጊዜ አድርጉት።

ስለ ሌሊቱ ልናገር፤ ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ሜዳ ላይ እስስት ቀን ፀሐይ ስትሞቅ ትውላለች፣ አየሩ ደረቅ ነው። ሌሊት አየሩ ይቀዘቅዛል፣ እርጥበቱ ይጨምራል፣ በደጋ ጉም ይወርዳል፣ ሲነጋ ጤዛ ነው። ተኝታ የምትተነፍሰው እርጥብ አየር ስለሆነ በትንፋሿ የምታጣው ውሃ ትንሽ ነው። ቤት ውስጥ ግን ይሄ ይገለበጣል። እኛ ማታ ቤቱን እናሞቃለን። ከሰል አጠገብ የሚያስቀምጧት አሉ፤ «በረዳት» ብለው። የከሰል ጭስ ለሰውም ለእሷም አደገኛ ነው፤ አየሩንም ያደርቀዋል። አርቁት።

ለየመኗ ዓይነት ቀን እርጥበቱ ከ40 እስከ 50 በመቶ፣ ሌሊት ከ80 በመቶ በላይ ቢሆን ይስማማታል። መለኪያ ያላችሁ እዩት። የሌላችሁ ማታ አቡጀዲ አርጥባችሁ፣ ጨምቃችሁ፣ በቤቷ አንድ ጎን አንጠልጥሉ። ሌሎቹ ጎኖች ክፍት ይሁኑ፣ አየር ይግባ። ጠዋት አንሱት። ጉም የሚነፋ ማሽን ያላቸው ዘመዶቻችሁ ደግሞ ቀን እንዳይከፍቱት ንገሩልኝ። ሙቀትና እርጥበት አንድ ላይ ሆነው አየር ከሌለ ሳንባዋ ይታመማል። ለዚሁ ነው እስስት በመስታወት ሳጥን ተዘግታ ከላይ ውሃ ሲፈስባት ማየት የማልወደው። ረጥባ መድረቅ አለባት፤ በሁለቱ ርጭት መካከል ቅጠሉም ወለሉም ይድረቅ።

ውሃው ንጹህ ይሁን፤ እናንተ የምትጠጡት ዓይነት። የጀሪካኑ ከቆየ አፍሉና አቀዝቅዙት። ጠርሙሱንና መርጫውን በየሳምንቱ እጠቡ። ሃይላንዱ ውስጡ አረንጓዴ ካወጣ ጣሉት፣ ሌላ ብሱ።

አንድ አባት በመጨረሻ «ልጆቹ ለፋሲካ ገጠር ሲሄዱ ማን ያጠጣታል?» ብለው ጠየቁኝ። ለጎረቤት የምታስተምሩት ነገር አንድ ነው፤ ጠዋት ጠርሙሱን ሞልቶ፣ ክዳኑን አላልቶ፣ መሄድ። ማታ መጥቶ ሳፋውን መድፋትና የወለሉን ነጭ ማየት። ነጩ ቢጫ ከሆነ ይደውልላችሁ። በሞባይል ፎቶ አንስቶ ቢልክላችሁ ደግሞ የተሻለ ነው።

ያቺ እግሯ የተጎዳችው ሰባት ሳምንት እኛ ጋ ቆየች። ሰኔ ገብቶ የመጀመሪያው ጠንካራ ዝናብ ካባራ በኋላ፣ ፈቃድ የሰጡን ሰዎች ባሉበት፣ ከተገኘችበት ብዙም የማይርቅ ቁጥቋጦ ላይ ለቀቅናት። ልጁ ቅርንጫፉን ይዞላት ቆመ። እሷ ግን አልሸሸችም። ከእጁ አንድ ክንድ እልፍ ብላ አገጯን ቅጠል ሥር አስገባች።

እዚህ ጠረጴዛ ላይ ሦስት ዓይነት ማንጠባጠቢያ አምጥቻለሁ፤ አንዱ ሃይላንድ፣ አንዱ የጉሉኮስ ቱቦ፣ አንዱ ልጁ ራሱ ከአሮጌ የዘይት ጀሪካን የሠራው። ውሃ ሞልቼባቸዋለሁ። ልጆች፣ በሰልፍ ኑና ክዳኑን አንድ በአንድ ሞክሩት፤ በሁለት ሰከንድ አንድ ጠብታ ላይ እስክታደርሱት። መርፌው እኔ ጋ ይቆያል። ባዶ ጠርሙስ የያዛችሁ ካላችሁ ቀዳዳውን እኔ እበሳላችኋለሁ።